ምላጩ አንዴ ሲሳብ፦ የሲቪል ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ ከወታደራዊ አቻው የሚለይበት ነጥብ

በአሜሪካ ከባድ የተኩስ ጥቃት በደረሰ ቁጥር ሁለት አባባሎች ይነሣሉ። አንደኛው፣ በየሱቁ የሚሸጠው ኤአር-15 የጦር ሜዳ መሣሪያ ነው ይላል። ሁለተኛው፣ መልኩ ወታደራዊ ቢመስልም አሠራሩ ከተራ የአደን ጠመንጃ አይለይም ሲል ይመልሳል። ሁለቱም ከፊል እውነት አላቸው፤ እንዳሉ የተቀበላቸው ሰው ግን ልዩነቱ ራሱ የት ላይ እንዳለ ሳያውቅ ይቀራል። ጉዳዩ የመሣሪያ አዋቂዎች ጨዋታ ብቻ አይደለም። በአንዲት ትንሽ ብረት መኖርና አለመኖር ምክንያት ያው ሰው ሕጋዊ ባለንብረት ወይም እስከ 10 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ተከሳሽ ሊሆን ይችላል።

ይህ መጣጥፍ ኤአር-15ን ከወታደራዊ አቻዎቹ ከኤም-16 እና ከኤም-4 ጋር በማነጻጸር ልዩነቱን ይመረምራል። የሚያቀርበው መከራከሪያ የአሜሪካ ፌዴራል ሕግ ዋናውን መስመር ያሰመረው ጠመንጃው በሚያስከትለው ውጤት ላይ ሳይሆን በምላጩ አሠራር ላይ መሆኑን፣ ከዚያ ወዲህ የተነሡት ታላላቅ ሙግቶችም በአሠራርና በውጤት መካከል ካለው ክፍተት የመነጩ መሆናቸውን ነው። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለ ቃላቱ አስቀድሞ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአማርኛ «ክላሽ» ሲባል በአድማጩ አእምሮ የሚመጣው ራሱ የሠራዊቱ መሣሪያ ነው፤ መምረጫ ቁልፉ ወደ አንድ ወገን ሲዞር ነጠላ፣ ወደ ሌላው ሲዞር እሩምታ የሚተኩሰው። እሩምታው ተወግዶለት ለሲቪል ገበያ የተሠራው ዝርያ በልማድ የራሱ ስም የለውም። ስለዚህም የአሜሪካው ክርክር ወደ አማርኛ ሲመጣ ልዩነቱ በቀላሉ ይጠፋል። በዚህ ጽሑፍ «ከፊል አውቶማቲክ» የሚባለው ጥይቱን ራሱ የሚያጎርስ፣ ነገር ግን ለእያንዳንዱ ተኩስ ምላጩ ተለቅቆ እንደገና እንዲሳብ የሚጠይቅ ጠመንጃ ነው። «ሙሉ አውቶማቲክ» የሚባለው ደግሞ ምላጩ ተስቦ እስከተያዘ ድረስ ካዝናው እስኪያልቅ የሚያንደቀድቀው ነው።

አንድ ንድፍ፣ ሁለት ገበያ

ብዙ ጊዜ የሲቪሉ ጠመንጃ የወታደሩ «ልጅ» ተደርጎ ይቆጠራል። የታሪኩ ሂደት ግን ከዚህ ይወሳሰባል። ኤአር-15ን በ1950ዎቹ መጨረሻ የነደፉት አርማላይት በተባለው ኩባንያ ይሠሩ የነበሩት ዩጂን ስቶነርና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በስሙ ያሉት ሁለት ፊደላት የኩባንያውን ስም የሚያመለክቱ ሲሆን፣ ብዙዎች እንደሚገምቱት «የጥቃት ጠመንጃ» ለሚለው የእንግሊዝኛ ሐረግ ምህጻረ ቃል አይደሉም። የመጀመሪያው ኤአር-15 ነጠላም እሩምታም የሚተኩስ፣ ለጦር ኃይል የታሰበ መሣሪያ ነበር። አርማላይት በ1959 የንድፉን መብት ለኮልት ሸጠ፤ የአሜሪካ ጦር ኃይልም ጠመንጃውን ተቀብሎ ኤም-16 አለው።

ኮልት በበኩሉ ጦሩ ጠመንጃውን አዳርሶ እስኪጨርስ አልጠበቀም። እሩምታ የማይተኩሰውን ዝርያ በ1964 ለሲቪሎች ማቅረብ ጀመረ፤ ኤአር-15 የሚለውንም ስም ለዚሁ ዝርያ አዋለው። በዚህ ሁኔታ በመጀመሪያ የአውቶማቲኩ መሣሪያ የነበረው ስም ዛሬ የከፊል አውቶማቲኩ መጠሪያ ሆኖ ቀረ። የኮልት የፈጠራ ባለመብትነት ጊዜ በ1970ዎቹ ሲያበቃ ሌሎች አምራቾች ገቡበት፤ አሁን በገበያ ላይ ያለው አንድ ጠመንጃ ሳይሆን በአንድ ንድፍ የተሠራ ትልቅ ቤተሰብ ነው።

ልዩነቱ ያለበት ስፍራ

ሁለቱ ጠመንጃዎች ጥይት የሚያጎርሱበት መንገድ አንድ ነው። ምላጩ ሲሳብ ተወጥሮ የነበረው መዶሻ ተለቅቆ መርፌውን ይመታል፤ መርፌው ጥይቱን ያፈነዳል። እርሳሱ በአፈሙዙ ውስጥ ሲጓዝ ከኋላው ካለው ትኩስ ጋዝ ጥቂቱ በቀጭን ቱቦ ወደ ኋላ ተመልሶ መቀርቀሪያውን ይገፋል። መቀርቀሪያው ወደ ኋላ ሲሄድ ባዶውን ቀለህ ያስፈነጥራል፣ መዶሻውን መልሶ ይወጥራል፤ ወደ ፊት ሲመለስ ከካዝናው አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ይህ ሁሉ ከአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል። እስከዚህ ድረስ የሲቪልና የወታደር ልዩነት የለም።

ልዩነቱ የሚመጣው ቀጥሎ ነው። ተኳሹ ጣቱን ከምላጩ ገና አላነሣም። በከፊል አውቶማቲኩ ውስጥ አንዲት ትንሽ ቆንጣጭ ብረት የተወጠረውን መዶሻ ትይዘዋለች፤ ጣቱ ተነሥቶ ምላጩ ወደ ቦታው እስኪመለስ ድረስ አትለቀውም። በወታደራዊው ጠመንጃ ግን ቁልፉ ወደ እሩምታ ሲዞር ሌላ ተጨማሪ ብረት ሥራውን ይረከባል፤ መቀርቀሪያው በሚገባ በተዘጋ ቁጥር ጣቱ ሳይነሣ መዶሻውን ይለቅቀዋል። የሲቪሉ ጠመንጃ የታችኛ ቀፎ ይህን ክፍል እንዳይቀበል ተደርጎ ይሠራል፤ መምረጫ ቁልፉም «ዝግ» እና «ተኩስ» የሚሉ ሁለት ማረፊያዎች ብቻ አሉት። እንግዲህ በአሠራር ረገድ ዋናው ልዩነት በእፍኝ ከሚያዙ ብረቶች አይበልጥም።

የቀሩት ልዩነቶች ሕጉና ገበያው ያመጧቸው ናቸው። ከ16 ኢንች ወይም ከ40.6 ሴንቲ ሜትር ያነሰ አፈሙዝ ያለው ጠመንጃ በፌዴራል ሕግ ልዩ ምዝገባ ስለሚያስፈልገው አብዛኛው የሲቪል ኤአር-15 በ16 ኢንች ይሠራል፤ የወታደሩ ኤም-4 ግን 14.5 ኢንች፣ የቀድሞው ኤም-16 ደግሞ 20 ኢንች ነው። የጦሩ 5.56 ሚሊ ሜትር ጥይትና .223 ሬሚንግተን የሚባለው የሲቪል ጥይት በውጭ መጠናቸው አንድ ሊባሉ የሚችሉ ሲሆኑ፣ ጥይቱ በሚቀመጥበት የአፈሙዝ ክፍል ቅርጽ ግን ይለያያሉ፤ ለ.223 ብቻ በተሠራ አፈሙዝ የጦሩን ጥይት መተኮስ ከሚገባው በላይ ግፊት ሊፈጥር ስለሚችል አይመከርም። ሰደፉ፣ እጀታው፣ የዓላማ መሣሪያው እንደ ገዢው ምርጫና ኪስ ይለዋወጣል። ባለ 30 ጥይት ካዝናው በብዙ ግዛቶች ለሁለቱም ያው ነው።

አንድ ልዩነት ግን ጨርሶ የለም። ከረጅሙ አፈሙዝ የሚወጣው መደበኛ እርሳስ በሰከንድ ወደ 990 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህም ከተለመደው የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ እርሳስ ፍጥነት ሦስት እጥፍ ሊሆን ጥቂት የቀረው ነው። የቁስሉ ክብደት የሚወሰነው በዚህ ፍጥነት፣ በእርሳሱ አሠራርና በተመታው የአካል ክፍል እንጂ ምላጩ ስንት ጊዜ እንደተሳበ አይደለም። ለቆሰለው ሰውና ለቀዶ ሐኪሙ ጠመንጃው የሲቪል ነበር ወይስ የወታደር የሚለው ጥያቄ ትርጉም የለውም።

እሩምታው ለወታደሩስ ምን ያህል ያስፈልገዋል?

ኤም-4 በእሩምታ በደቂቃ ከ700 እስከ 970 ጥይት በሚደርስ ፍጥነት ይተኩሳል። በደቂቃ 800 ተብሎ ቢሰላ ባለ 30 ጥይቱ ካዝና ከሁለት ሰከንድ ከሩብ በኋላ ባዶ ነው። አፈሙዙ ሳይግል ለረጅም ጊዜ ሊዘልቅበት ይችላል ተብሎ በጦሩ መመሪያ የተቀመጠው ፍጥነት ግን በደቂቃ ከ12 እስከ 15 ጥይት ብቻ ነው። በዚህም ምክንያት የሠለጠነ እግረኛ ወታደር አብዛኛውን ጊዜ የሚተኩሰው በነጠላ፣ አነጣጥሮ ነው። የአሜሪካ ጦር ራሱ በዚህ ላይ አቋሙን ሁለት ጊዜ ቀይሯል። በቬትናም በከንቱ ከባከነው ጥይት ልምድ በመነሣት በ1980ዎቹ በገባው ኤም-16ኤ2 ላይ ሙሉው እሩምታ ቀርቶ በአንድ የምላጭ መሳብ ሦስት ጥይት ብቻ እንዲወጣ ተደረገ፤ ከጊዜ በኋላ ደግሞ በኤም-4ኤ1 ወደ ሙሉ አውቶማቲክ ተመለሰ።

ከዚህ ቀደም ብሎ የነበረውን ጊዜ ስንኳ ቢመለከቱ፣ «ከፊል አውቶማቲክ» እና «ሲቪል» የሚሉት ቃላት አንድ ትርጉም እንዳልነበራቸው ግልጽ ይሆናል። የአሜሪካ ጦር በ1936 የተቀበለውና የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዋና ጠመንጃው የነበረው ኤም-1 ጋራንድ እሩምታ ጨርሶ የማይተኩስ፣ ባለ 8 ጥይት ከፊል አውቶማቲክ ነበር። በኮሪያ ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ተሰልፈው የተዋጉት የኢትዮጵያ የቃኘው ሻለቃ ወታደሮችም ይህንኑ ጠመንጃ ታጥቀዋል። የብሪታንያ ጦርም ኤል1ኤ1 የተባለውን፣ የቤልጅጉን ፋል ጠመንጃ ነጠላ ተኳሽ ዝርያ፣ ለአሥርት ዓመታት ይዞ ቆይቷል። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ነጠላ ብቻ መተኮሱ በራሱ ለጦርነት ያልታሰበ መሆኑን አያረጋግጥም።

የተቃራኒው ወገን መከራከሪያም ችላ የሚባል አይደለም። እሩምታ በተጨናነቀ ሕዝብ ላይ ሲወርድ ማነጣጠር አያሻውም፤ ያን ጊዜ የመሣሪያው ፍጥነት የተኳሹን ችሎታ ማነስ ይተካል። የአሜሪካ ሕግ አውጪዎች ከሁሉ አስቀድመው የፈሩትም ይህንኑ ነበር።

ሕጉ የያዘው ሐረግ

በ1934 የወጣው ብሔራዊ የጦር መሣሪያዎች ሕግ የታለመው ወንበዴዎች በየከተማው ይጠቀሙበት የነበረውን መትረየስ ከገበያ ለማውጣት ነበር። አልከለከለውም፤ በእያንዳንዱ ዝውውር ላይ የ200 ዶላር ቀረጥና የግዴታ ምዝገባ ጣለበት። በጊዜው ይህ ገንዘብ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር የሚወዳደር ነበር። ሕጉ መትረየስን ሲተረጉም ስለ መጠኑም፣ ስለ መልኩም፣ ስለ ባለቤቱም አላነሣም፤ ዋናው መለኪያ ጠመንጃው በምላጩ አንድ ክንውን ከአንድ በላይ ጥይት መተኮሱ ነው። ከ1968 እና ከ1986 ማሻሻያዎች በኋላ የመትረየሱ ቀፎ ብቻውንም፣ ተራ ጠመንጃን ወደ መትረየስ ለመለወጥ የተዘጋጀ ክፍልም እንደ መትረየስ ይቆጠራሉ። የ1986ቱ ሕግ ደግሞ ከዚያ ዓመት ግንቦት 19 በኋላ የተሠራ መትረየስ በሲቪል እጅ እንዳይገባ ዘጋ። ቀድሞ የተመዘገቡት ቁጥራቸው ስለማይጨምር ዛሬ አንዱ በአሥር ሺዎች በሚቆጠር ዶላር ይሸጣል።

የዚህ ትርጉም ጥብቀት በፍርድ ቤት የተፈተነው ስቴፕልስ ከዩናይትድ ስቴትስ በተባለው ጉዳይ ነው። በተከሳሹ ቤት የተገኘው ኤአር-15 ውስጡ በኤም-16 ክፍሎች ተለውጦ ነበር፤ መርማሪዎቹ ሲፈትሹት እሩምታ ተኮሰ። ተከሳሹ ጠመንጃው በእጁ እያለ አንድም ጊዜ እሩምታ ተኩሶ እንደማያውቅ ተናገረ። የሥር ፍርድ ቤት ግን የማወቅ አለማወቁ ጉዳይ አያስፈልግም ብሎ የ5 ዓመት የገደብ ቅጣትና 5,000 ዶላር ፈረደበት። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በግንቦት 1994 በ7 ለ2 ድምፅ ሻረው። ዳኛ ክላረንስ ቶማስ በጻፉት ውሳኔ መሠረት፣ ዐቃቤ ሕግ ተከሳሹ መሣሪያውን መትረየስ የሚያደርገውን ባሕርይ ማወቁን ማስረዳት አለበት። ልዩነቱ ከውጭ በማይታይ ክፍል ውስጥ ስለሚገኝ መሣሪያውን በእጅ መያዝ ብቻውን ዕውቀትን አያስረዳም ማለት ነው። ይህ ውሳኔ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው የልዩነቱን ጥቃቅንነት ነው፤ ባለቤቱ ራሱ ላያውቀው እንደሚችል ከፍተኛው ፍርድ ቤት ተቀብሏልና።

በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ኮንግረስ ፍጹም የተለየ መስመር አሰመረ። አዲሱ ክልከላ ምላጩን ትቶ ወደ መልኩ ዞረ። ካዝናው የሚነቀል ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ የሚታጠፍ ሰደፍ፣ የሽጉጥ ዓይነት እጀታ፣ የሳንጃ ማሰሪያ፣ የአፈሙዝ ብልጭታ መቀነሻ ወይም የቦምብ ማስወንጨፊያ ከሚሉት ሁለቱን ካሟላ ተከለከለ፤ ከ10 ጥይት በላይ የሚይዝ አዲስ ካዝናም እንዲሁ። አምራቾቹ መልሱን ለማግኘት ብዙ አልደከሙም። የሳንጃ ማሰሪያውንና የብልጭታ መቀነሻውን አነሡ፣ ሰደፉን አጠበቁ፣ ያንኑ ጠመንጃ በሌላ ስም ሸጡ። ሳንጃ የተሰካበት ጠመንጃ በአሜሪካ ከተሞች ወንጀል ውስጥ ምን ድርሻ እንደነበረው መጠየቁ ለፌዝ ሊመስል ይችላል፤ ሕጉ ግን ለሳንጃው ማሰሪያ ቦታ ሰጥቷል። ከዝርዝሩ ይልቅ ትርጉም የነበረው የካዝናው ገደብ ነው፤ እርሱም ቢሆን ቀድሞ የተሠሩትን ስላልነካ በዝግታ የሚሠራ ነበር። ክልከላው በ2004 መስከረም 13 ጊዜው አልፎ ቀረ። በዚያው ዓመት በክሪስቶፈር ኮፐር መሪነት ለፍትሕ ሚኒስቴሩ የቀረበው ጥናት እንዳመለከተው እነዚህ መሣሪያዎች ከክልከላው በፊት በነበሩት ጊዜያት ከጠቅላላው የጦር መሣሪያ ወንጀል የነበራቸው ድርሻ በአብዛኞቹ ግምቶች ወደ 2 በመቶ፣ ቢበዛ 8 በመቶ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ነው። ይሁን እንጂ በ2012 በኒውታውን ትምህርት ቤት 20 ሕፃናትና 6 አዋቂዎች፣ በ2022 በዩቫልዲ 19 ሕፃናትና 2 መምህራን የተገደሉት በዚሁ ዓይነት ጠመንጃ፣ ያለ እሩምታ ነው።

የአሠራርና የውጤት ክፍተት እጅግ ጎልቶ የታየው በ2017 ጥቅምት 1 ሌሊት በላስ ቬጋስ ነው። ከሆቴል ፎቅ ወደ ሙዚቃ ድግስ የተኮሰው ሰው በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ ከ1,000 በላይ ጥይት አወረደ፤ የሟቾቹ ቁጥር በመጨረሻ 60 ደረሰ። ድምፁን የሰማ ሁሉ እሩምታ ነው ያለው። ጠመንጃዎቹ ግን በሕጉ ትርጉም ከፊል አውቶማቲክ ነበሩ። በአብዛኞቹ ላይ የተገጠመው ባምፕ ስቶክ የተባለ ተንሸራታች ሰደፍ ነበር። ጠመንጃው በገዛ እርግጫው ወደ ኋላ ይሸሻል፣ የተኳሹ ሌላኛ እጅ ወደ ፊት ይገፋዋል፣ ምላጩም በቆመው ጣት ላይ እየሄደ ይጋጫል። ጣቱ አይንቀሳቀስም፤ ምላጩ ግን ለእያንዳንዱ ጥይት ይሳባል፣ ይለቀቃልም።

የመሣሪያ ቁጥጥር ቢሮው ባምፕ ስቶክን በ2018 መጨረሻ ባወጣው ደንብ ከመትረየስ መደበው፤ ባለቤቶቹም እንዲያጠፉት ወይም እንዲያስረክቡ አዘዘ። ከአስረካቢዎቹ አንዱ የመሠረተው ክስ፣ ጋርላንድ ከካርጊል፣ በሰኔ 2024 በ6 ለ3 ድምፅ ደንቡን አፈረሰ። ውሳኔውን የጻፉት አሁንም ዳኛ ቶማስ ናቸው፤ በስቴፕልስ ጉዳይ ከጻፉ 30 ዓመት በኋላ። ውሳኔው የምላጩንና የመዶሻውን እንቅስቃሴ ደረጃ በደረጃ በሥዕል ጭምር ያስረዳል፤ መደምደሚያውም ምላጩ ለእያንዳንዱ ጥይት እንደገና ስለሚሠራ «አንድ ክንውን» የለም የሚል ነው። ዳኛ ሶቶማዮር በልዩነት አስተያየታቸው ነገሩን ከተኳሹ ወገን አዩት፦ ሰውየው አንድ ጊዜ ስቦ ይዟል፣ ጥይቱም ይወርዳል፣ ተራ ሰው መትረየስ የሚለው ይህንን ነው። አንዱ ወገን ክንውኑን የምላጩ፣ ሌላው የጣቱ አድርጎ አነበበው። ከሕጉ ጽሑፍ አንጻር የብዙኃኑ ንባብ ይበልጥ የጠበቀ ነው፤ ከሕጉ ዓላማ አንጻር ደግሞ የ1934ቱ ሕግ አውጪ የላስ ቬጋሱን ሌሊት አይቶ ቢሆን ኖሮ ባምፕ ስቶክን ከመዝገቡ ውጭ ይተወው ነበር ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ዳኛ አሊቶም በተናጠል በጻፉት አጭር አስተያየት ኮንግረስ ሕጉን ማሻሻል እንደሚችል አመልክተዋል።

የመሣሪያው ያለፈ ታሪክ

አንድ ጠመንጃ አሁን ከሚሠራው ሌላ ቀድሞ ምን እንደነበረ የሚጠየቅበት አገርም አለ። በስዊዘርላንድ ብሔራዊ አገልግሎቱን የጨረሰ ወታደር ሁኔታዎችን ካሟላ ጠመንጃውን ይዞ ወደ ቤቱ መሄድ ይችላል፤ ከዚያ በፊት ግን ጦሩ ራሱ እሩምታውን አስወግዶ ከፊል አውቶማቲክ ያደርገዋል። ያው ጠመንጃ፣ ያው ባለቤት፣ አንድ ክፍል ተለውጦለት ከወታደራዊ ወደ ሲቪል ይሻገራል። የአውሮፓ ኅብረት በ2017 ያወጣው መመሪያ ግን ቀድሞ ሙሉ አውቶማቲክ የነበሩትን ጠመንጃዎች ከተለወጡም በኋላ በተከለከሉት ክፍል መደባቸው። የስዊስ መራጮች በግንቦት 2019 በሕዝበ ውሳኔ ማሻሻያውን በ63.7 በመቶ ድምፅ ሲቀበሉ፣ ተሰናባች ወታደሮች ጠመንጃቸውን የሚያስቀሩበት ልዩ ፈቃድ እንዲቆይ ተደርጎ ነበር።

የአሜሪካው አሠራርም፣ ምላጩን ዋና መለኪያ ቢያደርግም፣ በአንድ ነገር ከአውሮፓው ጋር ይገናኛል፦ መትረየስ ሆኖ የተሠራ ቀፎ ውስጡ ቢለወጥም በሕግ ፊት መትረየስነቱ አይለቀውም። የዚህ ውጤት በመንግሥት በተቋቋመው የሲቪሎች የዒላማ ተኩስ ድርጅት መጋዘን ውስጥ ይታያል። ድርጅቱ በጦር ሜዳ የዋሉ፣ የወታደር እጅ ያለሰለሳቸው ኤም-1 ጋራንዶችን መስፈርቱን ለሚያሟሉ ዜጎች ይሸጣል። ጋራንድን የተካው ኤም-14 ግን ከተሠራበት ቀን ጀምሮ የእሩምታ ንድፍ ስላለው፣ መምረጫ ቁልፉ ተቆልፎ በነጠላ ብቻ ሲተኩስ የኖረው እንኳ ለሽያጭ አይቀርብም።